ታደለችን ይዤ ለቡ የተመላለስኩበት ክረምት

ይህን የምጽፈው አዲስ አበባን ለሚያውቅ ሰው አይደለም። እዚሁ ሆሳዕና መንገድ ላይ እያስቆሙ «እህትህን ምን አድርገው ነው ያዳኗት? መርፌ ነው? ጸበል ነው?» ለሚሉኝ ጎረቤቶቼ ነው። ቆሜ ላስረዳቸው ስሞክር ወይ ዝናቡ ይመጣል፣ ወይ የሌላ ሰው ሰላምታ ያቋርጠናል። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ከመነሻው ልተርከው።

ታደለች የሁላችንም ታናሽ ናት፤ ታዱ እንላታለን። አርባ ሊሞላት ትንሽ ቀርቷታል። ድሮ ማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ነበረች። አንድ ከሰዓት ከሥራ ስትመለስ ባጃጅ ውስጥ ልቧ ደረቷን ጥሶ ሊወጣ ደረሰ፤ ትንፋሽ አጠራት፤ «ሞትኩ!» ብላ ወረደች። አልሞተችም፤ ባጃጅ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ቀረ። ቀስ በቀስ ገበያ ቀረ፤ ሰው የሚበዛበት ቦታ ሁሉ ቀረ፤ በመጨረሻ ሥራውም ቀረ። አንዱ ሐኪም ልብ ነው አለን። ሌላው ጨጓራ ነው አለ። ሌላው ድብርት ነው ብሎ ኪኒን አዘዘ። ጎረቤት የሰው ዓይን ነው አለ። ለእያንዳንዱ ስም የየራሱን መድኃኒት ስንሞክር ታዱ እቤት ውስጥ ተቀምጣ ጸጉሯ ሸበተ።

እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ጤና ጣቢያ የሚሠራ የቀድሞ ተማሪዬ ነው የነገረኝ። «ጋሼ፣ አዲስ አበባ ለቡ ውስጥ ጭንቀቱንም፣ ድብርቱንም፣ ድንጋጤውንም በአንድ ዓይነት መንገድ የሚያክሙ አሉ። ከክፍለ ሀገር ለሚመጣ ሰው ሕክምናውን አሳጥረው በየቀኑ ይሰጣሉ» አለኝ። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ነበርና ለመሄድ ቆረጥን።

እሑድ፦ ከሆሳዕና ጀሞ

ታዱ አውቶቡስ ላይ የወጣችው ሻሿን ፊቷ ላይ ጥላ፣ በአንድ እጇ ሎሚ፣ በሌላው የእኔን ክንድ ይዛ ነው። ወራቤን ስናልፍ «ጋሼ፣ አውርደኝ» አለች። ፊቷ አመድ መስሏል። ሾፌሩን ለመንኩት፤ ዳር ያዘ። ታዱ ወርዳ እርጥብ ሳር ላይ ተቀመጠች።

አንድ ነጋዴ ሰውዬ «ገበያው ያልፍብኛል እኮ!» ብሎ አጉረመረመ። ያው ሰውዬ ግን ትንሽ ቆይቶ ጃንጥላውን ይዞ ወረደና ዝናቡ ሲጀምር ከበላይዋ ዘርግቶ ቆመ። ሾፌሩም «እህቴ፣ ደህና አየር ውሰጂ፤ መንገዱ የትም አይሄድም» አላት። ያን ያህል ሰው እሷን ጠበቀ፤ አንድም የሰደበን የለም። ታዱ ግን ይህንኑ ደግነት ነው መሸከም ያቃታት። ተመልሳ ስትሳፈር «ሁሉም እያየኝ ነው» እያለች አለቀሰች።

ቡታጅራን፣ የጢያን ድንጋዮች፣ መልካ ቁንጥሬ ላይ የደፈረሰውን አዋሽ አልፈን ዓለም ገና ስንገባ እንሰት ከጓሮ ጠፋ። እኛ ዘንድ እንሰት የሌለው ቤት ሰው የሌለበት ይመስላል፤ እዚያ ግን በየጓሮው የተከመረው ብሎኬትና አሸዋ ነው። ከሰዓት በኋላ ጀሞ ወረድን።

ያረፍነው ዘይነባ ቤት ነው። ዘይነባ ሆሳዕና ሳለች አጥር ለአጥር ነበርን፤ አሁን ከባለቤቷ ከከማል ጋር ጀሞ ኮንዶሚኒየም ትኖራለች፤ ከማል የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አለው። ቤቷ አራተኛ ፎቅ ነው፤ አሳንሰር የለም። እኛ ዘንድ ጎረቤት በአጥር ማዶ ነው፤ እዚያ ከራስ በላይ ነው፤ ወንበር ሲጎትት ይሰማል። ዘይነባ በሩ ላይ ታዱን አቅፋ ምንም አልጠየቀቻትም። «የእናንተ ፍልሰታ ገብቷል አይደል? እንኳን ገባ! እስክትሄዱ ሽሮና ጎመን በዘይት አብረን እንበላለን። የማን ሥጋ፣ የማን ቢላዋ ማለት የለም» አለችና ሁላችንንም አንድ ትሪ ላይ አስቀመጠችን።

ሰኞ፦ ለቡ

ከጀሞ ለቡ ቅርብ ነው፤ ነገር ግን ታዱ ታክሲ አልገባም ስላለች በእግር ሄድን። በዝናብ ጭቃው ጫማ ያወልቃል። ለቡ ግማሹ ተሠርቶ ያለቀ፣ ግማሹ ገና የሚሠራ ሰፈር ነው። ሕክምና መስጫው አንድ የግል ቤት ተከራይቶ የተከፈተ ነው፤ አጠገቡ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ እየተሠራ ነበር፣ የሲሚንቶ ማቡኪያው ጩኸት ግድግዳውን ያንቀጠቅጣል።

ባለሙያዋ ሰላማዊት ትባላለች፤ ወጣት ናት። «ዶክተር» ስላት «ዶክተር አይደለሁም አባቴ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነኝ» አለችኝ። የመጀመሪያ ቀን አስታማሚም አብሮ ይቀመጣል። ክፍሉ ውስጥ ከታዱ ሌላ ሦስት ታካሚዎች ነበሩ። ነገ የሚመጣውን እያሰበ እንቅልፍ ያጣ የባንክ ሠራተኛ አለ፤ እጇን ደጋግማ ካልታጠበች ሰው የምትገድል የሚመስላት ተማሪ አለች፤ ልጃቸውን ከቀበሩ ወዲህ ከአልጋ መውረድ ያቃታቸው አዛውንት አሉ።

እኔ አላስቻለኝም። «ይቅርታ፣ እኛ ዘንድ ለወባ የወባ፣ ለትል የትል መድኃኒት ነው የሚሰጠው። የእነዚህ ሰዎች ሕመም በጭራሽ አይገናኝም። እንዴት አንድ ላይ ይታከማሉ?» አልኳት።

አልተቆጣችም። ተራ በተራ ጠየቀቻቸው።

«ጭንቀቱ ሲመጣ ምን ታደርጋለህ?»

«ስልኬን አወጣለሁ፤ ሌላ ነገር አያለሁ» አለ የባንኩ ሰው።

«አንቺስ?»

«እታጠባለሁ።»

«እርስዎስ አባቴ?»

«እሸፋፈናለሁ፤ ምን አደርጋለሁ» አሉ አዛውንቱ።

ታዱ ሳትጠየቅ «እኔ ቤቴ እሮጣለሁ» አለች።

«አያችሁ?» አለች ሰላማዊት። «የሕመማችሁ ስም ይለያያል። ስሜቱ ሲመጣ የምታደርጉት ግን አንድ ነው፤ ትሸሹታላችሁ። ስትሸሹት ለጊዜው ይቀላችኋል፤ በማግስቱ ግን በርትቶ ይመጣል። እዚህ የምንማረው ስሜቱን ማጥፋት አይደለም። ሲመጣ በሐሳባችን፣ በሰውነታችን፣ በምናደርገው ነገር ላይ ምን እንደሚሆን ማየት፣ ከዚያ ሳንሸሽ አብረነው መቆየት ነው።»

ወደ ጀሞ ስንመለስ ታዱ «ጋሼ፣ ያቺን ልጅ አየኻት? እጇ እኮ ደም ሆኗል» አለች። ከሕመሟ ወዲህ ስለ ሌላ ሰው ስታወራ የሰማኋት ያን ቀን ነው።

ረቡዕ

እኔ በረንዳ ላይ ከሌሎች አስታማሚዎች ጋር ተቀምጫለሁ። ሰላማዊት ታካሚዎቹን ወደ ግቢው አወጣቻቸውና ባሉበት እንዲሮጡ አዘዘቻቸው። ልባቸው እንዲመታ፣ ትንፋሻቸው እንዲያጥር፣ ከዚያ ቁጭ ብለው ሰውነታቸው በራሱ ጊዜ ሲረጋ እንዲያዩት ነው። አዛውንቱ በከዘራ፣ የባንኩ ሰው በከረባት፣ ታዱ ቀሚሷን ሰብስባ ይሮጣሉ። ከጎን ያለው ሕንፃ ርብራብ ላይ የቆሙት ግንበኞች ሥራ ፈትተው ያያሉ። አንዱ «አይዟችሁ! ውድድሩ መቼ ነው?» ብሎ ጮኸ። አዛውንቱ ቀና ብለው «ከአንተ ሕንፃ በፊት ነው!» አሉት። ግቢው በሙሉ ሳቀ።

ቀጥሎ በቀጭን የለስላሳ መምጠጫ እየተነፈሱ እንዲቆዩ ተደረገ። ታዱ መምጠጫውን ወርውራ ወደ እኔ ሮጠች። ልቀበላት ስነሳ ሰላማዊት ከኋላ «ጋሼ፣ እባክዎ ይቀመጡ» አለችኝ። በሕይወቴ እንደዚያ የከበደኝ መቀመጥ የለም። ታዱ መሐል መንገድ ላይ ቆመች፤ እኔን አየች፣ ሰላማዊትን አየች። በኋላ ግን ተመልሳ መምጠጫውን አነሳች።

ወደ ቤት ስትገባ ለዘይነባ ያወራችላት ግን ስለ ግንበኛው ነው።

ዓርብ

ጀሞ ውሃ በፈረቃ ነው። ያን ቀን እኛ ከለቡ ሳንመለስ ውሃው መጥቶ ሄዷል። ዘይነባ ጄሪካኖቿን ይዛ ከግቢው በርሜል ልትቀዳ ስትወርድ እኔም ተከተልኳት። ሦስተኛው ፎቅ ላይ የእኔው ጄሪካን ክዳኑ ወለቀና ደረጃው ሁሉ ጎርፍ ሆነ። በየበሩ ሰው ብቅ አለ። ይሰድቡኛል ብዬ ስጠብቅ አንዷ መወልወያ፣ አንዱ ባዶ ባልዲ ይዞ ወጣ። «እንግዳ ነው፤ የሆሳዕና ሰው ነው፤ እነሱ ዘንድ ውሃ ወደ ታች አይሄድም!» እያለች ዘይነባ ሳቀችብኝ። የእኔን ድርሻ አንድ ጎረቤት ከራሱ ቀንሶ ሰጠን።

ታዱ ብቻዋን በረንዳው ላይ ቆማ ወደ ታች ታያለች። ጀሞ መንገድ ላይ የሥራ መውጫ ነበር፤ ታክሲ ለመያዝ የቆመው ሰልፍ ከአደባባዩ አልፎ ይጠማዘዛል። «ይሄ ሁሉ ሰው በየቀኑ ገብቶ ይወጣል» አለች፤ ለእኔ ይሁን ለራሷ አላወቅሁም።

ሁለተኛው ሳምንት፦ ማክሰኞ

ከሰኞ ጀምሮ ትምህርቱ መንገድ ላይ ሆነ። ታዱ ታክሲ ተሳፍራ እንድትሄድ ተባለ። መጀመሪያ ከእኔ ጋር፤ ማክሰኞ ግን ሎሚውም፣ የውሃ ጠርሙሱም፣ እኔም ቀረን። «ሎሚው አይደለም ያተረፈሽ። ወንድምሽም አይደሉም። ይህን ሰውነትሽ ራሱ ማየት አለበት» አለቻት ሰላማዊት።

ረዳቱ «ለቡ! ለቡ! አንድ ሰው!» እያለ ሲጮህ ያ አንድ ሰው እሷ ሆነች። በሩ ተዘጋ። እኔ ታክሲ ተራው ላይ ቆሜ ቀረሁ። ልጆቼን የመጀመሪያ ቀን ትምህርት ቤት ሸኝቼ አውቃለሁ፤ ያን ቀን የተሰማኝ ከዚያ ይብሳል።

ዘይነባ ቤት ገብቼ ብዙ ጠበቅኳት። የመጣችው በእግሯ፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና ነው። ለካስ መውረጃዋ ሲደርስ «ወራጅ አለ» ማለት ነበረባት። ድምፅዋ እምቢ አላት፤ ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኛል ብላ ሳትናገር አለፈችው። ሁለተኛውንም አለፈች። ከዚያ ጉሮሮዋን ጠርጋ ስትጮህ እጅግ ከፍ ብሎ ወጣና ረዳቱ «እሺ እማዬ፣ ሰምተናል!» አላት። እየሳቀች እያለቀሰች ስትነግረኝ ዘይነባ ለእግሯ ውሃ አሞቀች። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለእግር መታጠቢያ ውሃ ማግኘት ምን ማለት እንደሆነ ጀሞ የኖረ ያውቀዋል።

ሐሙስ፦ ጎፋ

ረቡዕ ዕለት ሰላማዊት «እስካሁን ከሸሸሽው ሁሉ የሚከብድሽ የቱ ነው?» ብላት ነበር። ታዱ «ጎፋ፣ ሰብለ ቤት መሄድ» አለች።

ሰብለ ማን እንደሆነች ልንገራችሁ። እናታችን ስትሞት ታዱ ሕፃን ነበረች፤ አብልተው ያሳደጓት ጎረቤታችን እማማ አስካለ ናቸው። ሰብለ የእሳቸው ልጅ ናት፤ ከታዱ ጋር አንድ ዴስክ ተቀምጠው የተማሩ ናቸው። ኋላ ሰብለ ጎፋ ቤት ይዛ እናቷን ወሰደቻቸው። እማማ አስካለ ታመው ታዱን ሲጠሩ ታዱ መነኻሪያ ድረስ ደጋግማ ሄዳ ደጋግማ ተመለሰች። ሲሞቱም ከቤታችን ቀብሩ ላይ የተገኘሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሰብለ «ታዱስ?» ስትለኝ ታዱ ንገራት ያለችኝን «ፈቃድ ከለከሏት» አልኳት። ሰብለ ግን ታዱ ሥራ ከለቀቀች መቆየቷን ከሌላ ሰው ሰማች። ከዚያ በኋላ ስልካችንን አላነሳችም።

«ምን ይሆናል ብለሽ ነው የምትፈሪው?» ብላ ነበር ሰላማዊት።

«ታስወጣኛለች።»

«ብታስወጣሽስ?»

«እወጣለኋ» አለች ታዱ።

ዘይነባ «ለቅሶ ባዶ እጅ አይኬድም፤ ስንት ዓመት ቢያልፈውም ለቅሶ ነው» ብላ ድፎ ዳቦ ጋገረች። ለቅሶ ብቻን አይደረስምና እኔም አብሬ ሄድኩ። ታክሲው ውስጥ ታዱ ከእኔ ርቃ ከኋላ ተቀመጠች። ጀርመን አደባባይ ላይ መኪናው ተጨናንቆ ሲቆም ዞሬ አየኋት። ዓይኗን አልጨፈነችም። ጎፋ ስንደርስ «ወራጅ አለ» ያለችው እሷ ናት።

ሰብለ ራሷ ከፈተች። መነጽር አድርጋለች፤ ወፍራለች። ታዱን አየቻት። «ግቡ» አለች።

የእማማ አስካለ ፎቶ ግድግዳው ላይ ነው፤ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ሊስቁ ሲሉ የተነሱት። ታዱ ከፎቶው ሥር ቆማ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አለች። ሰብለ ወንበር ሳበችልን። ተቀመጥን። ከዚያ ታዱ ሁሉንም ነገረቻት፤ ባጃጁን፣ መነኻሪያውን፣ ውሸቱን። ሰብለ የጠረጴዛውን ልብስ ጫፍ እያጠፈች፣ እየዘረጋች አዳመጠች።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለች በመጨረሻ። «መኪና ይዤ መጥቼ እወስድሽ ነበር።»

«መኪናውን ነበር የምፈራው።»

ሁለቱም ሊስቁ ምንም አልቀራቸውም። ከዚያ ሰብለ መነጽሯን አወለቀች።

«እማዬ መጨረሻ ላይ በር በተንኳኳ ቁጥር ‹ታዱ ናት፣ ክፈቺላት› ትል ነበር። እከፍታለሁ፤ አንቺ አይደለሽም። ተመልሼ ‹አይደለችም› እላታለሁ። ልጇ እኮ እኔ ነኝ፤ አጠገቧ ያለሁት እኔ ነኝ። ግን ስምሽን እየጠራች ሄደች።»

ታዱ ፊቷን አልሸፈነችም። እንባዋ እየወረደ ሰማቻት።

«ንቀሽን መስሎኝ ነበር» አለች ሰብለ። «ታመሽ እንደነበር አሁን ገባኝ። ግን ይህን ሁሉ ዓመት ጠልቼሻለሁ፣ ታዱዬ። ዛሬ ተዪው ብትዪኝ አልችልም።»

«እንድትተዪው አልመጣሁም። እንድታውቂው ነው።»

ዳቦውን ተቀበለችን። ሻይ አፍልታ አጠጣችን። እስከ አጥር በር ሸኘችን። እኔን ስማ ተሰናበተችኝ፤ ታዱን ግን በእጇ ብቻ ጨበጠቻት። ታክሲ ተራው ድረስ በእግር ሄድን። እዚያ ስንደርስ ታዱ «ልቤ መታ ጋሼ፤ ሊፈነዳ ነበር። ከዚያ በራሱ ተወኝ» አለች። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ፊቷ ላይ ግን ደስታ አልነበረም።

በማግስቱ ሰላማዊት ዘንድ ስንሰነባበት ታዱ «ድንጋጤው ቀንሷል፤ ግን ማልቀሱ ባሰብኝ። ሌላ በሽታ ጀመረኝ እንዴ?» ብላ ጠየቀች።

«አይደለም፤ ይሄ ሕመም ሳይሆን ሐዘን ነው» አለቻት። «ያን ጊዜ ሳታዝኚው የቀረ ሐዘን ነው። ይህንንም አትሽሺው።»

ቅዳሜ

ጾሙ ተፈታ። ዘይነባ ከላይ ፎቅ ያለችውን ክርስቲያን ጎረቤቷን ለምና ዶሮ አሳረደችልን፤ ወጡም በጎረቤቷ ድስት ተሠርቶ ወደ እኛ ወረደ። እሷና ከማል ከጎናችን የራሳቸውን ምግብ ይዘው ተቀመጡ። ከማል «ዛሬ ትሪው ሁለት ሆነ እንጂ ቤቱ አንድ ነው» አለ። ታዱ ዕቃ ካጣጠበች በኋላ ዘይነባን «ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ ነይ ብለሽኝ ነበር?» አለቻት። ዘይነባ እጇን አወዛውዛ «እንኳን አሁን መጣሽ» አለች።

እሑድ፦ መልስ

አውቶቡሱ ላይ ታዱ መስኮት ጥግ ተቀመጠች፤ ሻሿ ትከሻዋ ላይ ነው። የጢያን ድንጋዮች ዓይኗን ሳትነቅል አየቻቸው። ስንሄድ አጠገባቸው ማለፋችንን እንኳ አላወቀችም ነበር። ቡታጅራ ለምሳ ወረድን። በየዓይነቱ አዘዝን። ታዱ ጥቂት ጎርሳ እጇን ሰበሰበች።

«ጋሼ» አለችኝ።

«እ?»

«ድሮም እችል ነበር ማለት ነው?»

ምን እንደምትለኝ ገብቶኛል፤ እማማ አስካለ በጠሯት ጊዜ ማለቷ ነው። መንገዱ ያኔም ይኸው መንገድ ነበር፤ አውቶቡሱም፣ ልቧም ያው። «ብዪ፣ ይበርዳል» አልኳት። ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ፤ ተነስተን ተሳፈርን።

እንግዲህ የሆነው ይህ ነው። ለእንቁጣጣሽ ታዱ ሰብለ ጋ ደወለች። ሰብለ አነሳች። «እንኳን አብሮ አደረሰን» ተባባሉ፤ ተዘጋ። ልቧ አሁንም አንዳንድ ቀን ይመታል፤ ባጃጅ ውስጥ ቁጭ እንዳለች ይመታል፣ በራሱ ጊዜ ይረጋል፣ እሷም ወደምትሄድበት ትሄዳለች።

ከተመለስን ወዲህ ለቅሶ አይቀራትም። የቅርብ ሰው ይሁን የሩቅ፣ የምታውቀው ይሁን የማታውቀው፣ የዕድር ጥሩምባ ከተነፋ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ትወጣለች። ድንኳን ውስጥ ከሰው ሁሉ ቀድማ ትገባለች፣ ከሰው ሁሉ ኋላ ትመለሳለች። ጎረቤት እሷን ባየ ቁጥር «ተመስገን፣ ታዱ ዳነች» ይለኛል። እኔም የእማማ አስካለን ቀብር ሳላነሳ «ተመስገን» እላለሁ።